አክሲዮን ያልነበረው ገበሬ በ1929 ለምን ተራበ?

የማታ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቀን ብሮንክስ ውስጥ ባንክ ቴለር ነኝ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ዘንድሮ የአሜሪካ ታሪክ ገባሁና መምህራችን ከባቡር ሐዲዱ ዘመን ተነስቶ እስከ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ያለውን ሁሉ በስድስት ሳምንት አስሮጠን። ፈተናው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ደብተሬ በስምና በቀን ተሞልቷል። ነገሩ ግን አልገባኝም።

ያልገባኝ ይሄ ነው። በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አክሲዮን ገበያው ወደቀ። እሺ። ግን ያኔ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ የአክሲዮን ደላላ ዘንድ ሂሳብ የነበረው 1.5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ብቻ ነው ተብለናል። ታዲያ ዎል ስትሪትን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የካንሳስ ገበሬ ለምን ተራበ? ሀብታሞቹ ከሰሩ፣ እሱን ምን አገባው?

ሁለተኛ፣ መምህሩ "ሥሩ ከካርኔጊና ከፎርድ ዘመን ይጀምራል" ብሎ አለፈ። ልጠይቅ እጄን ሳወጣ ሰዓቱ አለቀ። የካርኔጊን ብረት ፋብሪካና የፎርድን መኪና ከባንክ መዘጋት ጋር ምን አገናኘው?

አንድ ነገር ልጨምር። መስኮቴ ላይ እያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና እንዳለው የሚገልጽ ምልክት ተለጥፏል። ማንም አያነበውም። አንዲት ደንበኛ ብቻ አሉኝ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ጥቁር አሜሪካዊት። ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ይመጣሉ። አያስገቡም፣ አያወጡም። ቀሪ ሂሳባቸውን ያሳትሙና መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አይተው፣ ወረቀቷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ። የዚያን ዘመን ፍርሃት ከእናታቸው ወርሰው ይሆናል እላለሁ። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም።

ነጋዴው፦

ቀላል ነው እኮ። ኦክቶበር 24 ገበያው ወደቀ፣ ደላሎቹ ከፎቅ ተወረወሩ፣ በማግስቱ አገሩ ከሰረ። ለፈተና ይበቃሻል። አትጨናነቂ።

የፒትስበርግ ሹፌር፦

ልጄ፣ ከላይ ያለውን ወንድሜን አትስሚው። ደላሎች ከፎቅ ተወረወሩ የሚባለው አብዛኛው ማጋነን ነው። አገሩም በማግስቱ አልከሰረም። ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ጉዱ ያለው እዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ነው።

ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፣ በየቀኑ አጠገቡ ስለማልፍ። ፒትስበርግ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር፣ ሆምስቴድ የሚባል ቦታ አለ። ዛሬ የገበያ ማዕከል ነው። ጫማ የሚገዛውን፣ ፊልም የሚያየውን አደርሳለሁ። ዳር ላይ ግን 12 የጡብ ጭስ ማውጫዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ጭስ የለ፣ ፋብሪካ የለ። ተሳፋሪ "ምንድን ናቸው?" ካለኝ ታሪኩን በነጻ እለቅበታለሁ። አንዳንዱ መጠየቁን ሳይረግም አይቀርም።

የካርኔጊ ብረት ፋብሪካ ነበር። በ1892 የሠራተኛ ማህበሩ ውል ሊያልቅ ሲል ካርኔጊ ለእረፍት ስኮትላንድ ሄደ። ነገሩን ለድርጅቱ ኃላፊ ለሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ተወለት። ፍሪክ ፋብሪካውን አጥሮ ሠራተኛውን ደጅ አስቀረ። ጁላይ 6 ሊነጋ ሲል 300 የፒንከርተን የግል ጠባቂዎች በሁለት ጀልባ በወንዙ መጡ። ሠራተኛው ከነሚስቱ ከነልጁ ወንዝ ዳር ወጥቶ ጠበቃቸው። ቀኑን ሙሉ ተኩስ ሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፣ በመጨረሻ እጅ የሰጡት ጠባቂዎቹ ናቸው። ግን ድሉ ለቀናት ነው። የፔንሲልቬኒያ ገዥ ከ8,000 በላይ ወታደር ላከ፣ በኖቬምበር ማህበሩ ተሰበረ። ይሄው ድርጅት የተጠቃለለበት ዩኤስ ስቲል ለሠራተኛ ማህበር ዕውቅና የሰጠው በ1937 ነው። 45 ዓመት ቁጠሪ።

በመሃሉ ካርኔጊ በ1901 ድርጅቱን ለባንክ ባለቤቱ ለጄ. ፒ. ሞርጋን ቡድን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። እሳቱ ፊት የሚቆመው ሰው በቀን 12 ሰዓት ይሠራ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሲለዋወጥ ደግሞ 24 ሰዓት ሙሉ። ይህ መቅረት የጀመረው በ1923 ነው። ካርኔጊን ግን ሙልጭ አድርጌ ልሰድበው አልችልም። ይሄን ሁሉ ያነበብኩት እሱ ባሠራው ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት። ማሞቂያውም ጥሩ ነው።

አሁን ፎርድ። ሞዴል ቲ በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ነበር። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ መኪናው ወደ ሠራተኛው የሚመጣበት ተንቀሳቃሽ መስመር ተዘረጋ። አንድ ሻሲ (የመኪናውን አጽም) ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኛው ግን ያንኑ ብሎን ቀኑን ሙሉ ማጥበቅ ሰልችቶት እየጣለ ይሄድ ጀመር። ስለዚህ ፎርድ በ1914 "በቀን 5 ዶላር" አለ። ደግነት አይደለም፣ ሰው አልቀመጥ ብሎት ነው። አምስቱን ዶላር ለማግኘት ደግሞ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ትጠጪ እንደሆን፣ ቤትሽ ንጹሕ እንደሆን ያያል። በ1920ዎቹ አጋማሽ መኪናው ከ300 ዶላር በታች ወረደ።

ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያወጣው ዕቃ እንደ ጉድ አደገ። የሠራተኛው ደሞዝ በዚያው ልክ አላደገም። ትርፉ ወደ ላይ ወጣና ከፊሉ አክሲዮን ገበያ ገባ። ዕቃውን ማን ይግዛው? መልሱ "በዱቤ" ሆነ። መኪናው በዱቤ፣ ሬዲዮው በዱቤ፣ አክሲዮኑ ራሱ በዱቤ። አስር ዶላር ከኪስሽ፣ ዘጠና ከደላላው፣ የመቶ ዶላር አክሲዮን ገዛሽ። መቶው ዘጠና ሲሆን የአንቺ አስር አለቀች። ደላላው "ጨምሪ፣ አለዚያ እሸጠዋለሁ" ይልሻል። ሁሉም አንድ ቀን ሲሸጥ ኦክቶበር 29 ሆነ። 16.4 ሚሊዮን አክሲዮን በአንድ ቀን።

የካንሳሱ ገበሬ ግን ዎል ስትሪት ሲወድቅ አልታመመም። ቀድሞ ታሞ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፓ አላረሰችም፣ አንድ ቡሼል ስንዴ (27 ኪሎ ገደማ) ከ2 ዶላር በላይ ወጣ። ገበሬው ተበድሮ መሬት ጨመረ፣ ትራክተር ገዛ። ጦርነቱ አለቀ፣ ዋጋው ወረደ፣ ዕዳው ባለበት ቀረ። በ1920ዎቹ፣ ሌላው "አማን ነው" እያለ ሲጨፍር፣ ከ5,000 በላይ ባንኮች ተዘግተዋል። አብዛኞቹ የገጠር ናቸው። በብዙ ክፍለ ግዛት አንድ ባንክ ሌላ ቦታ ቅርንጫፍ እንዳይከፍት ሕጉ ይከለክል ነበር። ስለዚህ የስንዴ ወረዳ ባንክ ከስንዴው ጋር ይወድቃል። ቅርንጫፍ በየቦታው ያላቸው የካናዳ ባንኮች በድቀቱ ዘመን አንድም አልወደቁም።

ስለ ባንክ ላንቺ ማስረዳቴ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው፣ ግን ልሞክር። ሰው ያስቀመጠው ብር ካዝና ውስጥ ተኝቶ አይጠብቅም፣ አብዛኛው ለሌላ ሰው በብድር ተሰጥቷል። ሁሉም በአንድ ጠዋት "ብሬን" ቢል ጤነኛ ባንክም አይችልም። ዲሴምበር 1930 አንቺው ሰፈር የሆነውን ልንገርሽ። ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ የሚባል የግል ባንክ ነበር። ስሙን ሰምቶ የመንግሥት የሚመስለው ስደተኛ ብዙ ነው። አንድ ነጋዴ ወደ ብሮንክሱ ቅርንጫፍ ሄዶ "የባንካችሁን አክሲዮን ልሽጥ" አለ። "ባትሸጥ ይሻልሃል" አሉት። ወጥቶ "ባንኩ አክሲዮኔን አልሸጥልኝም አለ" ብሎ አወራ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ በሺዎች ተሞላ። 2 ዶላሩን ለማውጣት ሁለት ሰዓት የተሰለፈ ሰው ነበር ተብሎ በጋዜጣ ወጥቷል። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። 400,000 ገደማ አስቀማጭ ነበረው።

ከ1930 እስከ 1933 እንዲህ እያሉ 9,000 ገደማ ባንኮች ወደቁ። ባንክ ሲፈራ "መልሱ" ብሎ ብድሩን ይጠራል። ብድሩ የተጠራበት ባለሱቅ ሠራተኛ ያባርራል። የተባረረው ቁጠባውን ሊያወጣ ይሮጣል። ሌላ ባንክ ይወድቃል። በአገሩ የሚዘዋወረው ገንዘብ፣ ተቀማጩን ጨምሮ፣ በሲሶ ቀነሰ። ገንዘብ ሲያጥር ዋጋ ይወርዳል። ዕዳ ግን አይወርድም። በ1929 ስንዴ በቡሼል 1 ዶላር ገደማ ሳለ 1,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ገበሬ 1,000 ቡሼል ሸጦ ይገላገላል። በ1932 ስንዴ 38 ሳንቲም ገደማ ሆነ። ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ከ2,600 ቡሼል በላይ ያስፈልገዋል። መሬቱ አልጨመረ፣ ዝናቡ አልጨመረ። በይ እንግዲህ፣ ጥያቄሽ ይሄው ተመለሰ።

የመስኮትሽን ምልክት ረስቼ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ማርች 4 ቀን 1933 ሥልጣን ሲይዝ ባንኮቹን ሁሉ ዘጋ። እሁድ ማታ ማርች 12 በሬዲዮ ባንክ እንዴት እንደሚሠራ እንደ ጎረቤት አጫወታቸው። ሰኞ ሲከፈት ሰው ተሰለፈ፣ አሁን ግን ሊያስገባ። የተቀማጭ ዋስትናውን ግን ሩዝቬልት መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። አጥብቆ የገፋው የአላባማው እንደራሴ ሄንሪ ስቲጋል ነው። ጃንዋሪ 1934 ሲጀምር 2,500 ዶላር ነበር የሚሸፍነው።

የልብስ ሰፊዋ፦

ጋሼ፣ ጥሩ ተርከዋል። ግን ወንድ ብቻ ነው እንዴ አሜሪካን የሠራት? ብረት፣ መኪና፣ ባንክ። ሴቶቹስ?

እኔ ማንሃተን ልብስ ሰፊ ነኝ። በየዓመቱ ማርች 25 ምሥራቅ ማንሃተን ውስጥ ስሄድ አስፋልቱ ዳር በጠመኔ የተጻፈ ስም አያለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። 16 ዓመት፣ 18 ዓመት፣ 20 ዓመት። ከመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ረግጬው አልፌአለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትራያንግል የሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ ነበር፣ ዋሽንግተን ስኩዌር አጠገብ፣ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ላይ ሦስቱን የላይ ፎቆች ይዞ። ቅዳሜ ማርች 25 ቀን 1911፣ ሊወጡ ሲሉ እሳት ተነሳ። 9ኛው ፎቅ ላይ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መሰላሉ የሚደርሰው 6ኛ ፎቅ ድረስ ነው። 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች። እሳቱን ሸሽተው ከመስኮት የዘለሉ ብዙ ናቸው። ነጋዴው ወንድሜ "ከፎቅ ተወረወሩ" ስትል እኔ የማስበው እነሱን ነው። ባለፋብሪካዎቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ነጻ ወጡ።

ይሄን ከመሃል የሰነቀርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ቀን አጠገቡ ሻይ እየጠጣች የነበረች አንዲት ሴት ጩኸት ሰምታ ሮጣ ደረሰች። ፍራንሲስ ፐርኪንስ ናት። ቆማ አየች። ከ22 ዓመት በኋላ ሩዝቬልት የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጋት፣ በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት። የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና (የጡረታ) ሕግና የ1938ቱ የሥራ ሰዓትና ዝቅተኛ ደሞዝ ሕግ (በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር) የእሷ እጅ አለበት። መምህርሽ "ሥሩ" ካለ፣ የኒው ዲል (ሩዝቬልት ድቀቱን ለመታገል ያወጣቸው ሕጎችና ሥራዎች) ሥር አንዱ እዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የማኅበራዊ ዋስትናው ሕግ ሲወጣ የእርሻ ሠራተኛንና የቤት ሠራተኛን አላካተተም። ደቡብ ውስጥ ጥቁሩ የሚሠራው በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ነው። የቤት ሠራተኛ የገባችው በ1950 ሕጉ ሲሻሻል ነው፣ ያውም በቋሚነት የምትሠራዋ።

ቁጥር ወዳድ፦

ጋሼ ስለ ባንኮቹ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ፌደራል ሪዘርቭን፣ የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ፣ በነጻ ለቀቁት። ፌደራል ሪዘርቭ የተቋቋመው በ1913 ነው፣ ከ1907ቱ የባንክ ድንጋጤ በኋላ፣ ባንኮች ሲጨንቃቸው እንዲደርስላቸው ተብሎ። በ1907 ሞርጋን የባንክ ባለቤቶችን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ ገንዘብ አዋጡ ብሎ አስማማቸው። በ1930 መሥሪያ ቤቱ ነበረ፣ የሚደርስ ግን ጠፋ። ይባስ ብሎ ብሪታንያ በሴፕቴምበር 1931 ገንዘቧን በወርቅ መመንዘር ስታቆም፣ የአሜሪካ ወርቅ እንዳይሸሽ ተብሎ የኒውዮርኩ ፌደራል ሪዘርቭ በኦክቶበር ለባንኮች የሚያበድርበትን ወለድ ከ1.5 ወደ 3.5 ከመቶ ሰቀለው። ሰው እየሰመጠ ድንጋይ ማሰር ነው።

ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተጣለው የ1930ው ቀረጥም አለ። ከ1,000 በላይ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች "አትፈርም" ብለው ፕሬዚዳንት ሁቨርን ለምነውት ነበር። ፈረመ። ሌሎች አገሮችም አጸፋውን መለሱ። ገበሬው ስንዴውን ውጭ የሚሸጥበት መንገድ የባሰ ጠበበ።

ደግሞ ኒው ዲል ድቀቱን አልጨረሰውም። በ1937 መንግሥት ወጪውን ሲቀንስ ኢኮኖሚው ተመልሶ ወደቀ። የጨረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

የፒትስበርግ ሹፌር፦

ቁጥር ወዳድ፣ ስለ ፌደራል ሪዘርቩ እጄን ሰጥቻለሁ። የቀረጡ ግን ለእኔ ትንሹ ነገር ነው። አሜሪካ ያኔ ወደ ውጭ የምትሸጠው ከምርቷ ትንሽ ነበር።

ስለ ኒው ዲሉ ግን ቁጥሩን ሙሉውን ንገራት። በ1933 ሥራ ከሚፈልገው መቶ ሰው 25ቱ ሥራ ፈት ነበር፣ በ1937 ወደ 14 ገደማ ወረደ። ከዚያ ወጪው ተቀነሰ፣ 1938 ላይ 19 ሆነ። መድኃኒቱን ሲያቆሙ በሽታው ከተመለሰ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል? አነሰ በል እንጂ።

እህቴ ልብስ ሰፊዋ፣ ስለ ሴቶቹ ልክ ነሽ። ተሳፋሪዎቼን እንግዲህ ስለ ትራያንግልም ማድከም እጀምራለሁ።

ነጋዴው፦

እሺ ተሸንፌአለሁ። ግን የገበያው መለኪያ ዳው ጆንስ ከ381 ወደ 41 ነው የወረደው፣ በሦስት ዓመት። የ1929ን ከፍታ መልሶ ያገኘው በ1954 ነው። 25 ዓመት! ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

የማታ ተማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈተናው አለፈ። ከሦስቱ ጥያቄ አንዱ ባንኮች ነበሩ፣ የ1,000 ቡሼሉን ስሌት እንዳለ ጻፍኩት። ጋሼ፣ የእርስዎ ነው፣ ተሳፋሪ ሳልሆን። ልብስ ሰፊዋ፣ ፐርኪንስን ስጨምር ሰዓት አልቆብኝ አንድ መስመር ብቻ ሆነች፣ ይቅርታ።

ስለ ደንበኛዬ ልንገራችሁ። ትናንት ወሩ በገባ ሦስተኛው ቀን ነበር፣ መጡ። ሰልፍ ስላልነበረ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። "እናትዎ በ1930ዎቹ ባንክ ተዘግቶባቸው ነበር?" አልኳቸው።

ሳቁ። "የምን ባንክ?" አሉኝ። ቤተሰቡ ደቡብ ካሮላይና የሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያርስ ነበር። ዕዳቸውን የሚጽፈው ባለመሬቱ ነው፣ የሚያጠፋውም እሱ ነው፣ ብር በእጃቸው አይገባም። በኋላ እናታቸው ልጆቹን ይዘው ወደ ኒውዮርክ መጡና የሰው ቤት ማጽዳት ጀመሩ። ከልብስ ሰፊዋ የሰማሁትን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናታቸው ከቤት ቤት ነበር የሚሠሩት፣ አንዱም ጋ በቋሚነት አልነበሩም። ጡረታ ብሎ ነገር ሳያዩ ነው የሞቱት።

"ታዲያ ይሄን ወረቀት በየወሩ ለምን ያሳትሙታል?" አልኩ።

ወረቀቱን አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ቁጥሩን ማየት ደስ ይለኛል" አሉኝ።